የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን መሪ ማን ይምረጥ?

(ጅማ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ትንሽ አቃንቼ ጻፍኩት። የውጭ አገሮቹ ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛዎቹ በእኛ።)

አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ። እንደምን ዋላችሁ።

"ስለ ዴሞክራሲና ስለ ሃይማኖት ልናገር ጅማ እሄዳለሁ" ስለው አንድ ወዳጄ "ሁለቱንም በአንድ ቀን? ምን በደሉህ?" አለኝ። ገባኝ። እኛ አገር ስለ አንዱ ሲወራ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ስለ ሁለቱም ሲወራ ደግሞ በር ይዘጋል። ዛሬ በሩ ክፍት ነው፣ ማይኩም ይሠራል፣ ስለዚህ እንጀምር።

የማነሳው ነገር አንድ ነው። አንድ አገር ከጭቆና ሲወጣ የተማረው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚፈራው "ሃይማኖተኞቹ መንግሥቱን ይይዙታል" የሚለውን ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ያየነው ነገር አለ። ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ መንግሥት ሃይማኖቱን ይይዘዋል። መሪውን ይሾማል፣ ምርጫውን ያካሂዳል፣ በስብከቱ መሃል ጆሮ ያስቀምጣል። ያ ሳይስተካከል ዴሞክራሲ መጣ ማለት ዘበት ነው።

እስኪ አምባገነን ሥራውን በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚተርፍ አስቡት። ፓርቲ የለም፣ ካለም ለስሙ ነው። ጋዜጣው ተዘግቷል። የሠራተኛ ማኅበሩን ሊቀመንበር ያስቀመጠው ካድሬ ነው። ሃያ ሰው ሰብስበህ ሻይ ብትጠጣ ወሬው ካንተ ቀድሞ ቀበሌ ይደርሳል። ግን አርብ አለ፣ እሁድ አለ፣ ለቅሶ አለ። እሱንም ልከልክል ያለ አልጠፋም፤ አልባኒያ በ1967 ሃይማኖትን ጨርሶ አግዳ ነበር። አብዛኞቹ ግን ያን ያህል አይደፍሩም። ስለዚህ አገዛዙ የወደቀ ቀን ስልክ ደውሎ በአንድ ሌሊት አሥር ሺህ ሰው ማውጣት የሚችለው የሃይማኖት ሰው ብቻ ይሆናል። ሌላው ገና ቢሮ እየተከራየ ነው። ይሄ ተንኮል አይደለም፤ ሌላውን ሁሉ ያጠፋው አምባገነኑ ራሱ ነው።

ግብፅን ተመልከቱ። ሙስሊም ወንድማማቾች የተባሉት የእስላማዊ ንቅናቄ ሰዎች በ1928 ነው የተደራጁት። ለአሥርት ዓመታት ታግደው ኖረዋል፤ ክሊኒካቸው፣ እርዳታቸው፣ የሰፈር መረባቸው ግን አልጠፋም። በየካቲት 2011 ፕሬዚዳንት ሙባረክ ሲወርዱ አደባባዩን የሞላው ወጣት የፌስቡክ ገጽ ነበረው፣ የቀበሌ ቅርንጫፍ ግን አልነበረውም። በ2012 የወንድማማቾቹ ዕጩ ሙርሲ በ51.7 በመቶ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ልብ በሉ፣ ከሁለት መራጭ አንዱ ማለት ይቻላል አልመረጣቸውም። እንዲህ ያለ ውጤት ያገኘ ሰው ቀስ ብሎ ነው መሄድ ያለበት። እሳቸው ግን በኅዳር 2012 የእኔን ውሳኔ ፍርድ ቤት አይነካውም የሚል አዋጅ አወጡ። ክርስቲያኖቹና ለዘብተኞቹ ጥለውት የወጡትን ረቂቅ ሕገ መንግሥት በታኅሣሥ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። "አዎ" ያሸንፋል፣ አሸነፈም። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ግን ከመራጩ ሲሶው ያህል ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 3፣ 2013 መጣ። ጄኔራል ሲሲ ሙርሲ መውረዳቸውን በቴሌቪዥን ሲያውጁ የተነሳውን ምስል ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከጄኔራሉ ጋር የአዝሃሩ (የካይሮው ትልቅ የእስልምና ትምህርት ተቋም) ታላቅ ሼኽ አሕመድ አልጠይብና የኮፕቲኩ ፓትርያርክ አቡነ ታዋድሮስ ተቀምጠዋል። እኔ ከግብፅ ታሪክ ሁሉ ይቺን ፎቶ ነው ደጋግሜ የማያት። ሰው ስለ ወንድማማቾቹ ሲያወራ "አየህ፣ ሃይማኖት ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ!" ይላል። እሺ፣ እነዚህ ሁለት አባቶችስ የት ነው የገቡት? አዝሃር በ1961 በወጣ ሕግ በመንግሥት ሥር የገባ ተቋም ነው። ሼኹን በ2010 የሾሟቸው ሙባረክ ነበሩ። በሚቀጥለው ወር፣ ነሐሴ 14፣ የሙርሲ ደጋፊዎች በተሰበሰቡበት ራባዓ አደባባይ ላይ በአንድ ቀን ከስምንት መቶ በላይ ሰው ተገደለ። ሼኹ ደም መፍሰሱን አውግዘዋል፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ግን አንድ ጊዜ ከታንክ አጠገብ ከተቀመጥክ በኋላ የምታወጣው መግለጫ ማንን ያቆማል?

ቱኒዚያ ላይ ትንሽ ቆይ እንበል፣ ምክንያቱም ብዙ የሚማርበት ነገር አለ። በፕሬዚዳንት ቤን አሊ ዘመን መስጊዱ የሚከፈተው ለሶላት ሰዓት ነው፤ ሰግደህ ትወጣለህ፣ ይዘጋል። ኢማሙን የሚሾመው መንግሥት ነው። ጥር 14፣ 2011 ቤን አሊ ሲሸሹ ያ ሁሉ ቁጥጥር በአንድ ቀን ተበተነ። አክራሪዎች በየመስጊዱ ገብተው የመንግሥትን ኢማም አስወርደው የራሳቸውን አቆሙ። ሰው ይሄን የአክራሪነት ችግር ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሰዉ ለዚያ ኢማም ያልቆመለት የእኔ ነው ብሎ ስለማያውቅ ነው። በደብዳቤ የመጣ ሰው በጉልበት ሲሄድ ማን ይከራከርለታል?

በጥቅምት 2011 ምርጫ ኤንናህዳ የተባለው እስላማዊ ፓርቲ ከ217 መቀመጫ 89 አገኘ። አንደኛ ወጣ፣ ግን ብቻውን መግዛት አልቻለም። ለምን? የምርጫ ሕጉ ነዋ! ቱኒዚያውያን ወንበር በድምፅ መጠን የሚከፋፈልበትን ሥርዓት፣ ያውም ትንንሾቹን ፓርቲዎች የሚጠቅመውን ዓይነት መርጠው ነበር። እንደኛ በየወረዳው አንደኛ የወጣ ሁሉን ይውሰድ ቢባል ኖሮ ያው ፓርቲ በያው ድምፅ ምክር ቤቱን ጠራርጎ ይወስደው ነበር። (የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ አንደኛ የወጣ ያሸንፋል ይላል። ሰው ስለ አንቀጽ 39 ሲጨቃጨቅ ይውላል፣ ስለዚህኛው ግን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።) ኤንናህዳ ከሁለት ዓለማዊ ፓርቲዎች ጋር ተጣመረ። መጋቢት 2012 ላይ ሸሪዓ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይግባ የሚለውን ጥያቄ ተወው፣ የአገሪቱ ሃይማኖት እስልምና ነው የሚለውን የድሮውን አንቀጽ አንድ እንዳለ አቆየው። የፓርቲው ሰዎች ከእኛ የተሻሉ ጨዋ ስለሆኑ ይመስላችኋል? ውስጣቸው የተናደደ ብዙ ነበር። ሲቆጥሩት ወንበሩ አልሞላም፣ ሌላ ነገር የለውም።

በ2013 ሁለት የተቃዋሚ ፖለቲከኞች፣ ሹክሪ በልዒድና ሙሐመድ ብራሂሚ፣ በጥይት ተገደሉ። አገሩ ሊፈነዳ ነበር። ያን ጊዜ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የአሠሪዎች ማኅበር፣ የሰብዓዊ መብት ሊጉና የጠበቆች ማኅበር ገብተው አስታረቁ፤ በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት እነዚህ አራቱ ናቸው። ልብ በሉ፣ አራቱም የእምነት ተቋም አይደሉም። ቱኒዚያ ከግብፅ የተለየችው ሕዝቧ ስለተለየ አይደለም፤ አምባገነኑ ሳያጠፋው የተረፈ ትልቅ የሠራተኛ ማኅበር ስለነበራት ነው። ኤንናህዳ ሥልጣኑን ለገለልተኛ መንግሥት አስረከበ። ጥር 2014 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ድምፅ ከሰጡት 216 አባላት 200ው ደገፉት። አንቀጽ 6 መንግሥት የሃይማኖት ጠባቂ ነው ይል ነበር፤ እዚያው ላይ የህሊና ነፃነትን ያረጋግጥ፣ መስጊድ ለፓርቲ መሣሪያ እንዳይሆን ያዝ፣ ሰውን ከእምነት ወጥቷል ብሎ ማወጅን ይከለክል ነበር። የሕግ ሰው ሲያነበው እርስ በርሱ ይጣላል። ሁለት የማይዋደዱ ወገኖች አንድ ወረቀት ሲጽፉ ሌላ ምን ሊመስል ኖሯል?

በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሐምሌ 2021 ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ምክር ቤቱን አገዱ፤ በ2023 የኤንናህዳ መሪ ራሺድ ገኑሺ ታሰሩ። ቱኒዚያን መልሶ የበላት መስጊድ ሳይሆን የሕገ መንግሥት መምህር የነበረ ፕሬዚዳንት ነው። "ሃይማኖቱን ካስቀመጥነው የቀረው አልጋ በአልጋ ነው" ለሚሉ ይሄ ይታሰባቸው።

ኢራንን በአጭሩ። በመጋቢት 1979 ሕዝቡ ፊት የቀረበው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እስላማዊ ሪፐብሊክ፣ አዎ ወይስ አይ? ከ98 በመቶ በላይ "አዎ" ተባለ። እስላማዊ ሪፐብሊክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው ሕገ መንግሥት ግን ገና አልተጻፈም! ባዶ ቼክ ፈረሙ ማለት ነው። ፖላንድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ በኮሚኒስቶቹ ዘመን ለተገፋው ሁሉ መጠለያ ነበረች፣ በ1989 ነፃነት ሲመጣ ትልቅ ክብር ይዛ ገባች። ዓመት ሳይሞላ የሃይማኖት ትምህርት በመመሪያ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፣ በ1993 ጥብቅ የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ወጣ። እዚያም ጥያቄው ይሄው ነው፤ በጭቆና ጊዜ ያገኘኸውን ክብር በነፃነት ጊዜ ምን ላይ ታውለዋለህ?

አሁን ወደ ቤት።

በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ያስቀምጣል። ይሄን ሁሉ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያነሳው የዋጋውን ነገር ነው፤ ጳጳሳቱ ሲሾሙ የንጉሡ ይሁንታ ያስፈልግ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ቤተ ክርስቲያኗን ከመንግሥት ነጥሉልን ሲሉ ለቤተ ክርስቲያኗም እየጮኹላት እንደነበር ያኔ የገባው ጥቂት ነበር። ሁለት ዓመት አልፈጀም፤ ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን አውርዶ አሰራቸው፣ በ1971 ገደላቸው። በዚያው ዓመት ክረምት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። ያው ደርግ ነው እንግዲህ ሦስቱን የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ያደረገው። እጁ ሰጪም ነው፣ ነጣቂም ነው። በ1984 ደግሞ መንግሥት ተቀይሮ ዓመት እንዳለፈ ፓትርያርኩም ተቀየሩ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ወርደው ተሰደዱ፣ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ ሃያ ስድስት ዓመት ቆየ።

ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 11 አጭር ነው፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ አይገባም። ቆንጆ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ 2004ን የማያስታውስ ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። ሙስሊሙ በአወሊያ (በአዲስ አበባው የሙስሊሞች ትምህርት ቤት) ጉዳይ ተነስቶ የጠየቀው ምን ነበር? አንድ የተለየ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት) መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ፣ ምርጫውም በየመስጊዳችን ይሁን። ምርጫው የት ተደረገ? ቀበሌ! የዱቄት ኩፖን በሚታደልበት፣ የልደት ወረቀት በሚጻፍበት ቢሮ፣ ከካድሬው ጠረጴዛ ፊት ለፊት። "ድምፃችን ይሰማ" ያሉት የኮሚቴው አባላት በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ፣ በ2007 ከሰባት እስከ ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። እንግዲህ ሰዎቹ የጠየቁት አንቀጽ 11 ይከበር ነው። መንግሥት ደግሞ "በአንቀጽ 11 ሃይማኖት በመንግሥት ጉዳይ እየገባ ነው" አላቸው። አንድ አንቀጽ፣ ሁለት አፍ።

ጥር 2015 ላይ የሆነውም ቅርብ ነው። ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ውጭ ሃያ ስድስት ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። በራስ ቋንቋ ይሰበክልን የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ጅማ ላይ ቆሜ ይሄን ካልኩ በኋላ የሚቆጣኝ ካለ ይቆጣ። ግን ጥያቄው በቤቱ ሥርዓት የሚፈታ ነበር። መንግሥት እጁን አስገባ አላስገባም የሚለው ክርክር ተነሳ፣ ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ፣ ምዕመናን በነነዌ ጾም ጥቁር ለበሱ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ታፈነ። የካቲት ላይ ስምምነት ተደረሰ። ታዲያ ለሲኖዶስ ጉዳይ ቴሌግራም የሚዘጋበት አገር ላይ ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው ብላችሁ ለልጅ አስረዱት እስቲ።

እስካሁን መንግሥትን ብቻ ስወቅስ ቆየሁ፣ እናንተም እያጨበጨባችሁልኝ ነው። አሁን ጭብጨባው ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፋት አሰንዳቦ አለች። በ2003 ቁርዓን ተደፈረ በሚል ወሬ እዚያና አካባቢው ላይ በርካታ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። በሌላ ቦታ ደግሞ መስጊድ ሲቃጠል አይተናል። ያን ቀን ድምፅ ይሰጥ ቢባል ብዙሃኑ ምን ይወስን ነበር? መልሱን ታውቁታላችሁ። ለዚህ ነው ዴሞክራሲ ማለት የብዙሃን ድምፅ ብቻ ነው የሚለኝን ሰው የማልቀበለው። ድምፅ የማይሰጥባቸው ነገሮች መኖር አለባቸው።

ይሄን ደግሞ ከቱኒዚያ መማር አይጠበቅብንም፣ የሰፈራችን ዕድር ያውቀዋል። እዚህ ጅማ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ያሉበት ዕድር ስንት አለ! ዳኛውን በድምፅ ይመርጣሉ። ወርሃዊ መዋጮውን በድምፅ ይጨምራሉ። ድንኳን ይገዛ ወይስ ወንበር ይጨመር ብለው ግማሽ ቀን ይጨቃጨቃሉ፣ ገንዘብ ያዡን ደብተርህን አምጣ ይሉታል። ሥጋው ላይ ሲደርሱ ግን ድምፅ የለም። ሁለት ብረት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ጭልፋ ይቀመጣል፣ ጭልፋውን ያደባለቀች ልጅ ወዮላት። ሽሮውን አብሮ ይበላል። ክርስቲያኑ አርባ ሙስሊሙ አሥር ቢሆን "እንግዲህ ብዙሃኑ ወስኗል፣ የእኛን ሥጋ ብሉ" የሚል የዕድር ዳኛ አይቼ አላውቅም፤ ቢኖርም በማግሥቱ ዕድሩ ይፈርሳል።

ንግግሩ እዚህ ላይ አበቃ፣ ጥያቄ ተጀመረ። ሁለቱን ልጻፋቸው።

አንዲት ወጣት "ሰባኪው ወይም ኡስታዙ ለማን ድምፅ እንደምንሰጥ ቢነግረንስ?" አለች። እህቴ፣ እሱም ዜጋ ነው፣ በግሉ ሐሳብ ቢኖረው መብቱ ነው አልኳት። በመስጊዱ ማይክ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዓውደ ምሕረት ላይ ሲሆን ግን የተዋሰውን የሰው ንብረት ለራሱ እየተጠቀመበት ነው፤ ምዕመኑ አዋጥቶ ያንን ማይክ የገዛው ለዚያ አይደለም። ደግሞ መጋረጃው ጀርባ ስትገቢ ብቻሽን ነሽ። ይልቅ የምመክርሽ ሌላ ነገር ነው። የመስጊድሽን ወይም የአጥቢያሽን መተዳደሪያ ደንብ አንብበሽ ታውቂያለሽ? የኮሚቴው የአገልግሎት ዘመን ስንት ነው? ሒሳቡን ማን ነው የሚመረምረው? ሴቶች ይመረጣሉ? አዳራሹ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም፣ ጻፈችው።

ሁለተኛው ጠያቂ ከፊት የተቀመጡ አባት ነበሩ። "ልጄ፣ መንግሥት እጁን ያውጣ ትላለህ" አሉኝ። "በ2010 የተከፈለውን ሲኖዶስ ማን አስታረቀው? በ2011 እኛን፣ መጅሊሱንና ዑለማውን፣ አንድ አዳራሽ ያስገባው ማን ነው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይደለም ወይ? እኛማ ለብቻችን አቅቶን ነበር።"

ከበድ ያለ ጥያቄ ነው፣ እውነትም ነው። አባቴ፣ ማስታረቁ ደግ ነው፤ አስታራቂው መቼ እንደሚወጣ ግን ከመግባቱ በፊት ይነገር፣ ያስታረቀ ሁሉ ኋላ ላይ ውለታ ይጠይቃል አልኳቸው። ደግሞ ቱኒዚያዎቹን ያስታረቁት ሠራተኛና ጠበቃ ናቸው፣ እኛ ሁልጊዜ ቤተ መንግሥት የምንሮጠው ሌላ አስታራቂ ስላላሳደግን ነው አልኩ።

"እሱን እስክታሳድጉ እኛ ስንጣላ እንክረም?" አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፣ ግን አልተስማማሁም። ሻይ ላይ እንደገና ያዝኳቸው፣ እሳቸውም አልለቀቁኝም።